ልጁን አላስራብነውም

ይድረስ ለእማዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሁድ በስልክ «ልጁን በረሃብ ልትጨርሱት ነው» ብለሽ ካለቀስሽ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያኔ አፌ ተሳስሮ ምንም አልመለስኩልሽም። አሁን ልጻፍልሽ።

እማዬ፣ ልጁ አልተራበም። ክሮንስ ማለት የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀት ላይ ተነስቶ የሚያቆስልበት በሽታ ነው። ሆዱን ሲቆርጠው የከረመው፣ የከሳው፣ በቁመት ከእኩዮቹ የቀረው በዚህ ነው። ሐኪሞቹ 8 ሳምንት ሙሉ ምግብ ሳይቀምስ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ብቻ ይጠጣ አሉ። ውሃ ይፈቀድለታል። ፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲኑም፣ ስቡም፣ ቫይታሚኑም ተመጥኖ ገብቷል። እንዲያውም እስካሁን 2 ኪሎ ጨምሯል።

«መድኃኒት የለም ወይ?» ብለሽኝ ነበር። አለ። ስቴሮይድ ቶሎ ያስታግሳል፤ ግን የልጅን እድገት ይገታል፣ አጥንት ያሳሳል። ፈሳሹን ብቻ ከሚጠጡ 10 ልጆች 8 ያህሉ ላይ በሽታው ጋብ ይላል። የአንጀቱ ቁስልም ከስቴሮይዱ በተሻለ ይሽራል። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

«እርጎ ስጪው» ያልሽኝ ደግሞ ከልቤ አልወጣም። እኔም እንዳንቺ ነበር የማስበው። አንጀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ አለ፤ ጥሩ ጥሩው ሲበዛ ልጁ ይድናል ብዬ። እዚሁ እኛ ከተማ፣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር ይላል። ፈሳሹን የሚጠጡ ልጆችን ሰገራ መረመሩ። ልጆቹ እየተሻላቸው ሳለ የባክቴሪያው ዓይነት ቀነሰ። ጠቃሚ የሚባለው ሳይቀር ቀነሰ! ምግብ ሲጀምሩ ደግሞ ተመለሰ። ምክንያቱ ገና ጥርት ብሎ አልታወቀም። እኔ ሳስበው፣ የባክቴሪያዎቹም ቀለብ እኛ የምንበላው ነው። እህሉ ሲቀር እነሱም ይጾማሉ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የእሱ 56። ዛሬ 31ኛ ቀኑን ያዘ። የከበደው ረሃቡ ሳይሆን ሽታው ነው። ሽንኩርት የማቁላላው ትምህርት ቤት ሲሄድ ጠብቄ ነው። አንድ ቀን ሳላስበው ቀደም ብሎ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «እማ፣ ሽሮ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምንም ሳይል ብርጭቆውን ይዞ ክፍሉ ገባ። አንጀቴን በላው።

የላክሽው ዳቦ ቆሎ ተቀምጦለታል። 8 ሳምንቱ ሲያልቅ ምግብ ቀስ በቀስ ያስጀምሩታል። አልዋሽሽም፣ በሽታው ጨርሶ አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላም መድኃኒትና ክትትል አይቀርለትም።

እሁድ ስትደውይ «ምን በላህ?» አትበይው፣ እባክሽ። ኳስ መጫወት እንደገና ጀምሯል። ስንት ጎል እንዳገባ ጠይቂው።

ልጅሽ