የታሪክና ቅርስ ክበብ ዘገባ፦ በር ላይ የቆሙት ሚዜዎች

መጀመሪያ ስለ ፎቶው። የመጽሔቱ አዘጋጆች "ሌሎቹ ክበባት ሁሉ ፎቶ ሰጥተዋል፣ የእናንተስ?" ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። የለንም። የዓመቱ ምርጥ ቀናችን ዓርብ ማታ ነበር፤ ዓርብ ማታ ደግሞ የአይሁድ ሰንበት ስለሚገባ ምኩራብ ውስጥ ስልክ አይነካም። ብዕርም አይነካም። ስለዚህ አትውቀሱን፣ አንብቡን።

ዘንድሮ የያዝነው ርዕስ "የአይሁድ ጸሎት በቤትና በምኩራብ" ይላል። ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ወላጅ ደውለው "ልጆቻችንን ሃይማኖት ልታስቀይር ነው እንዴ?" አሉኝ። አይደለም። ክበቡ የታሪክ ክበብ ነው፣ ማንም ሃይማኖቱን አልቀየረም፣ ሁሉም ባለበት አለ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ልጅ ፋሲል ግቢን በቃሉ ያውቀዋል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ሲጸልዩ እንደኖሩ ስትጠይቁት ግን "ሸክላ የሚሸጥበት ነው?" ይላችኋል።

መደበኛ ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ ነው። የራሳችን ክፍል ስለሌለን ቤተ ሙከራ ባዶ ሲሆን እዚያ፣ ካልሆነ ዛፍ ሥር። 31 ተመዝግበው 17 ዘለቁ። ቃለ ጉባኤው አለ፣ የፈለገ ይይ። አንዱን ረቡዕ ብቻ ላንሳ። በአይሁድ ሥርዓት 10 ወንዶች ካልሞሉ በጉባኤ የሚባሉት የጸሎት ክፍሎች ይቀራሉ ብዬ ሳስረዳ፣ አንዷ "በዚህ ሕግ ብንሄድ እኛ ስንት ረቡዕ ተበትነን ነበር ቲቸር" አለች። ምን እላታለሁ፣ እውነቷን ነው።

ይቺው ልጅ እኔንም አርማኛለች። በትልቅ ካርቶን ላይ የምኩራብ ሥዕል ስንሠራ ከኢንተርኔት ባገኘነው መሠረት "ምእመናን ወደ ምሥራቅ ዞረው ይጸልያሉ" ብለን ጻፍን። እኔም አለፍኩት፣ ቤተ ክርስቲያን የለመደ ሰው ምሥራቅ ሲባል አይጠራጠርም። እሷ ካርታ ይዛ መጣች። የሚዞሩት ወደ ኢየሩሳሌም ከሆነ ምሥራቁ የሚሠራው አውሮፓ ላለ ሰው ነው፣ ከጎንደር ግን ኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ናት፣ ትንሽ ብቻ ወደ ምዕራብ ዘንበል ትላለች። ካርቶኑ ላይ "ምሥራቅ" ተሰርዞ "ሰሜን" ተጽፏል። ስርዙ አስቀያሚ ነው፣ እንዲቀየር ግን አልፈቀድኩም።

ወለቃ በኅዳር መጨረሻ ሄድን። ክብ የሆነችው አሮጌ የጸሎት ቤት አናቷ ላይ የዳዊት ኮከብ አለባት። ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ነው የሚሉት ስላቸው አንዱ "እስላም ነበሩ እንዴ?" አለ። ሰገደ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፣ ስግድ የሚባለው በዓላቸውም ከዚያው ነው። ካህኖቻቸው ቄስ ይባላሉ፣ መጽሐፋቸው ኦሪት ነው፣ በግዕዝ። መነኮሳትም ነበሯቸው፣ ይሄ በሌላው ዓለም አይሁድ ዘንድ የለም። የመንደሩ ሰው ግን አብዛኛው የለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሄዷል፤ ከዚያ በፊትም በ1977 በሱዳን በኩል የሄደው ብዙ ነው። መንገድ ላይ ለቱሪስት የተተከለው ጽሑፍ ዛሬም "የፈላሻ መንደር" ይላል። ልጆቼ ስሙ ስድብ እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

ወደ ዓርቡ ልምጣ።

ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት ሲጠባበቁ ከቆዩት ቤተሰቦች አንዱ ቤቱን ከፈተልን። 10 ሰዓት ላይ ስንደርስ ቤቱ የበዓል ዋዜማ ይመስላል። ወጡ ተሠርቷል፣ ዳቦው ወጥቷል፣ ልጆቹ ታጥበው ንጹሕ ለብሰዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምግብ አይሠራም፣ እሳት አይጫርም። መደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ አባት ተቀምጠው በለሆሳስ ይደግማሉ። "እግዚአብሔር ይሬዕየኒ..." ሲሉ ድቁና የሚማረው የ9ኛ ክፍል ልጃችን ሳያስበው "ወአልቦ ዘየኀጥአኒ" ብሎ ጨረሰላቸው። ቀና ብለው አዩት። "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉት። መዝሙረ ዳዊትን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚደግም ነገራቸው። "የእኛም አባቶች እንዲህ በግዕዝ ነበር የሚሉት። እነዚህ የልጅ ልጆቼ አሁን በዕብራይስጥ ነው የሚሉት" አሉ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የቤቱ እናት ሁለት ሻማ አበሩ፣ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑና ባረኩ። ልጆቼ ጸጥ አሉ። ቀጥሎ የነገሩን ነገር ለእኔም አዲስ ነበር። "በእናቴ ጊዜ ሻማ የለም፣ ሰንበት ሲገባ እሳቱን ሁሉ እናጠፋ ነበር። ምግቡም ቀዝቃዛ ነው፣ በጨለማ እንቀመጣለን" አሉ። ኦሪት ዘጸአት 35፥3 በሰንበት በቤታችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። የድሮዎቹ ቃሉን እንዳለ ወስደው ያለውንም እሳት አጠፉ፤ ሌላው ዓለም ያሉት ረቢዎች ደግሞ ቀድሞ የበራ ይቆይ፣ አዲስ አይነድ ብለው ተረጎሙት። አንዲት ጥቅስ በአንዱ ቤት ጨለማ ሆነች፣ በሌላው ሻማ። ይህን ከመማሪያ መጽሐፍ አምጡልኝ እስቲ።

ከዚያ ከሽማግሌው ጋር ወደ ምኩራቡ በእግር። ከሰንበት መግቢያ በኋላ መኪና የለም። ስልኮቹ ጠፍተው ቦርሳዬ ውስጥ ገብተዋል። ሴቶቹ ተማሪዎች በመጋረጃው ወዲያ ከእናቶች ጋር፣ ወንዶቹ ከእኔ ጋር ኋላ በሩ ሥር ቆመን። ራስ መሸፈን ስለሚያስፈልግ አንዱ የአርሴናል ኮፍያ አድርጓል፣ ያው ኮፍያ ኮፍያ ነው። መዝሙሩ ደመቀ፣ እኛም ምንም ሳይገባን ደስ ብሎን ቆመናል። ድንገት ያ ሁሉ ሰው ዞረ። ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ባለ ኮፍያው ደነገጠ፣ ኮፍያውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ "እንደምን አመሻችሁ" አለ።

ሰውየው ሁሉ እየዘመረ ነው፣ ሳቁን ግን መደበቅ አልቻለም። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ እኛ መጡ። የመዝሙሩ መጨረሻ ሰንበትን እንደ ሙሽራ መቀበያ ነው፣ ስለዚህ ወደ በሩ ይዞራሉ። "እኛን ያያችሁ መስሎን..." ሲል ልጁ፣ "በሩ ላይ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። ከሙሽራዋ ጋር ነው የገባችሁት፣ ሚዜ ናችሁ" አሉት። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ስሙ ሚዜ ሆኗል። አልከፋውም።

ሰኞ ያዩትን ከቃላቸው ጻፉ፣ ማስታወሻ አልተያዘምና። የወንዶቹ አምስት ጽሑፎች አምስት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ሰዎቹ ሦስት ጊዜ ዞሩ ይላል። የሴቶቹ በጣም ይሻላል፤ እናቶቹ በሹክሹክታ ሲያስረዷቸው ነበር።

ያልተሳካውንም ልናገር። ስግድን ማየት አልቻልንም፣ ከአጋማሽ ፈተና ጋር ተጋጨ። ከሸክላ የሠራነው የወለቃ መስጊድ ለወላጆች ቀን ሲጓጓዝ ጣሪያው ተሰነጠቀ፣ ኮከቡም ወደቀ። ማስቲሽ አድርገን አቀረብነው። ቁም ሳጥን ቢኖረን በእጅ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት አናመላልሰውም ነበር። ለወለቃው ጉዞ ልጆቹ በነፍስ ወከፍ 20 ብር አዋጡ፣ የጎደለውን የሞላው ማን እንደሆነ ባለቤቴ ታውቃለች። የስፖርት ክበቡ አዲስ መለያ በማግኘቱ ከልብ ደስ ብሎናል።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) በመስከረም በጀት ሲያወጣ እንዲያስበን ነው የምንጠይቀው፤ ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም እንዲሁ፣ በተለይ እስራኤል ያላችሁ። እናንተ ዘንድ ስግድ በ2008 በአውሮፓ አቆጣጠር በሕግ የአገር በዓል ሆኗል፣ ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ ባለ ቀለም ጃንጥላ ይዘው ሲወጡ በቴሌቪዥን አይተናል። እኛ የምንፈልገው ድሮ በዓሉ ይከበርበት የነበረውን የአምቦበርን ተራራ ነው። የደርሶ መልስ አንድ ሚኒባስ ይበቃናል። ተራራውን በእግራችን እንወጣለን።