«አይችልም» እና «አይቻልም»፦ የሎጂክና የውይይት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡ ዘንድሮ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ 23 አባላት ሐሙስ ሐሙስ ከ9፡30 እስከ 10፡20 ሲገናኝ ቆይቷል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በተለመዱት የአስተሳሰብ ስህተቶች አለፈ፤ ስለሱ የሚባለው ካምና ከተጻፈው አይለይም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ግን ሙሉ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ዋለ፦ ሁሉን ቻይ የሆነ ፈጣሪ ራሱ ሊያነሳው የማይችለውን ድንጋይ መፍጠር ይችላል? ይችላል ከተባለ ማንሳት ያቅተዋል፣ አይችልም ከተባለ መፍጠር ያቅተዋል፤ በሁለቱም በኩል ያቃተው ነገር ተገኘ ነው ክርክሩ።

በመጀመሪያ የአሠራሩ ነገር ይነሳ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ክበቡ ፈጣሪ አለ ወይስ የለም ብሎ አይከራከርም፤ የሚጠይቀው «ሁሉን ቻይ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በማስታወቂያ ላይ ካልታየ ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ሳምንት ማስታወቂያ «ፈጣሪ ሁሉን ይችላል?» ከሚል ርዕስ ሌላ ማብራሪያ ሳይኖረው ተለጠፈ፤ በሦስተኛው ቀን ወላጆች ጠየቁ፣ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር። ርዕሱ «‹ሁሉን ቻይ› ስንል ምን ማለታችን ነው?» ተብሎ ከተቀየረና ባለአንድ ገጽ ማብራሪያ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ከተሰጠ በኋላ ቅሬታ አልመጣም።

ሁለት ቡድን አቁሞ ማከራከርና በጭብጨባ ማሸነፍም አልሠራም። ጭብጨባው የክርክሩን ጥንካሬ አይለካም፤ የየቡድኑን እምነት ነው የሚቆጥረው። በምትኩ የገባው ሕግ ቀላል ነው፦ ማንም ከመቃወሙ በፊት የሌላውን ሐሳብ ደግሞ ይናገራል፣ ባለቤቱ «ልክ ነው፣ እሱን ነው ያልኩት» ካላለ አይቀጥልም። ጊዜ ይበላል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሦስት ሐሳብ በላይ አይደረስም። ከአምስት ያልበሰሉ ሐሳቦች ግን ሦስቱ ይሻላሉ።

ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ሰሌዳ ላይ የተሠራበት መንገድ ይህ ነው። ክርክሩ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሆኖ ይጻፋል። ከእያንዳንዱ ግስ ሥር በቀይ ጠመኔ «ማን?» ተብሎ ባለቤቱ ይሞላል። ከዚያ «ይችላል» የሚሉትና «አደረገ» የሚሉት መስመሮች ተለይተው ይሰመርባቸዋል። ስህተቶቹ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች አያመልጡም።

«ማን?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ የግድ ነው። «የማይነሳ ድንጋይ» ስንል አንሺው ይደበቃል፤ እኔ የማላነሳው ነው ወይስ ማንም የማያነሳው? ተማሪዎች ክርክሩን ሲጀምሩ «ሊያነሳው የማይችለው» ይላሉ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ሳይታወቃቸው «የማይነሳ» ብለውታል። ድንጋዩ በመሐል ተቀየረ ማለት ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ አንድ ባለ200 ሊትር በርሜል ተዋስን። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በባለ20 ሊትር ጀሪካን አሥር ጊዜ ተመላልሶ ሞላው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ብረቱ ሲጨመር ከ200 ኪሎ በላይ ሆነ፤ ልጁም ሊነቀንቀው አልቻለም። እንግዲህ ይህ ተማሪ ራሱ ሊያነሳው የማይችለውን ነገር ሠርቷል። ፈጣሪ የማይችለውን ቻለ ልንል ነው? ክፍሉ ሳቀ፤ ለምን እንደሳቀ በቃል ለማስረዳት ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀ።

መልሱ የወጣው ከሦስት ሰዎች ንጽጽር ነው። ሀ እስከ 30 ኪሎ ሞልቶ መሥራት፣ እስከ 50 ኪሎ ማንሳት ይችላል። ለ እስከ 80 ይሠራል፣ እስከ 50 ያነሳል። ሐ ሲሠራም ሲያነሳም ገደብ የለውም። ራሱ የማያነሳውን መሥራት የሚችለው ማን ነው? ለ ብቻ። ሀ አይችልም፣ ምክንያቱም የመሥራት አቅሙ ከማንሳት አቅሙ ያንሳል። ሐም አይችልም፤ ግን በሐ ዘንድ የጎደለ አቅም የለም። የፈለገውን ያህል ይሠራል፣ የሠራውን ሁሉ ያነሳል። «ራሱ የማያነሳውን መሥራት አይችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሐ ላይ ሲነገር «የሠራውን ሁሉ ያነሳል» ከሚለው የተለየ ነገር አይናገርም። የ‹ለ› «ችሎታ» ደግሞ ሲገለጥ የማንሳት ጉድለት ነው። ዌድ ሳቬጅ የሚባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው መልስ መንፈሱ ይኸው ነው። ጥሩነቱ ፈጣሪ ሁሉን ቻይ ነው ብሎ አለመነሳቱ ነው። ከእሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላው ፈላስፋ ጆርጅ ማቭሮድስ «ሁሉን ቻይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ድንጋይ ራሱን የሚቃረን ነው» ብሎ ነበር፤ ያ ግን የሚከራከሩበትን ነገር አስቀድሞ እንደ መነሻ መያዝ ይመስላል።

ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ «ይችላል» በሚለው መስመር፣ የተደበቀ ዝላይ አለ። «መፍጠር ከቻለ የማያነሳው ድንጋይ አለ» ይባላል። አልተባለም እኮ! መቻልና ማድረግ ሁለት ናቸው፤ ዓይኑን ማጥፋት የሚችል ሰው እስካላጠፋው ድረስ ያያል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ መፍጠር የሚችል፣ እስካልፈጠረው ድረስ የማያነሳው ነገር የለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ መልስ የሚያገለግለው ሁሉን ቻይነት ሊተው የሚችል ነገር ነው ለሚል ብቻ ነው። ሁሉን ቻይነቱ ፈጽሞ የማይለየው ነው የሚል ሰው በዚህ መውጣት አይችልም፤ ያለው የሐ መልስ ነው። ሁለቱን መልሶች ደርቦ የተጠቀመ ቡድን ነበር፤ የራሱን እግር ነው የጠለፈው።

«አይችልም» እና «አይቻልም» የተለያዩት በአንዲት ፊደል፣ በች እና በቻ ነው። የመጀመሪያው ስለ አድራጊው ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ ነገሩ። ባለትዳር ወንደላጤ መፍጠር «አይቻልም»፤ ምክንያቱም ከቃሉ ጀርባ የሚፈጠር ነገር አልተጠራም። የክርስትናው ሊቅ ቶማስ አኩይናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሱማ ቴዎሎጂካ ክፍል አንድ፣ ጥያቄ 25፣ አንቀጽ 3 ላይ ያለው ይህንኑ ነው፦ ቅራኔ ያለበትን ነገር እግዚአብሔር ሊያደርገው አይችልም ከማለት፣ ነገሩ አይደረግም ማለት ይሻላል። ከእሱ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው የእስልምናው ሊቅ አል-ገዛሊ ፈላስፎችን በተቃወመበት ሥራው ተመሳሳይ ወሰን አስምሯል፤ የማይቻል ማለት አንድን ነገር በአንድ ጊዜ ማጽደቅና መካድ ነው፣ ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ በኃይሉ ሥር ነው። ለክበቡ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተማሪ ለየራሱ ሊቅ ሲቆም፣ ለካ ሊቃውንቱ የቆሙት አንድ ቦታ ነው።

ጥቅስ የመጥቀስ ልማድ ግን አስቸጋሪ ነው። «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም» (ሉቃ. 1፡37) ሲባል ሌላው «ራሱን ሊክድ አይችልም» (2ኛ ጢሞ. 2፡13) ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ነገሩ የጥቅስ ውድድር ይሆናል። ሕጉ፦ ጥቅስ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ይገባል፣ ለመደምደሚያ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ስለ ቃሉ ካነሳን፣ የዓመቱ ምርጥ ምልከታ ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ መጣ። «ቻይ» በአማርኛ ታጋሽም ነው፤ ቻይ ሴት፣ ቻይ ሆድ እንላለን። የግዕዙ ጸሎተ ሃይማኖት ደግሞ «አኃዜ ኵሉ» ነው የሚለው፣ ሁሉን የያዘ። መያዝና መግዛት አንድ ነገር ነው፣ ማንኛውንም ነገር ማድረግ መቻል ሌላ። ድንጋዩ የሚያስቸግረው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ፈላስፋው ፒተር ጊች እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ያደረገው ልዩነት ይህንኑ ይመስላል።

ከዚያ ፍቺ መሞከር ተጀመረ፣ እሱም ከተጠበቀው በላይ ከበደ። «ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል» ብንል፣ «ሁሉን ቻዩ ያልሠራውን ወንበር መሥራት» ለአናጺ ይቻላል፣ ለሁሉን ቻዩ ግን አይቻልም፤ ፍቺው ተሰበረ። «ለእሱ የሚቻለውን ሁሉ ያደርጋል» ብለን ብንጠግነው ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ፈላስፋው አልቪን ፕላንቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1967 በምሳሌ ያነሳው ሰውዬ ከተፈጥሮው የተነሳ ጆሮውን ከማከክ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ለእሱ የሚቻለውን ሁሉ ያደርጋልና በዚህ ፍቺ ሁሉን ቻይ ነው! የመጀመሪያው ፍቺ በጣም ሲጠብ ሁለተኛው በጣም ይሰፋል። ተማሪዎቹ ሰባት ጥገና ሞክረዋል፣ ሰባቱም ወድቀዋል፤ የክበቡ ደብተር ውስጥ ከነአወዳደቃቸው ተጽፈዋል።

ቅራኔን ራሱን ያደርጋል የሚሉም ነበሩ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1630 ለወዳጁ ለመርሴን በጻፋቸው ደብዳቤዎች የሒሳብ እውነቶችን ሳይቀር ፈጣሪ እንደ ንጉሥ ደንግጓቸዋል ብሏል። ፈላስፋው ሃሪ ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳየው፣ የማይቻለውን ማድረግ የሚችል ሰው የማያነሳውን ድንጋይ ፈጥሮ ያነሳዋል፤ ክርክሩም ያበቃል። ያበቃል ግን ለሁለቱም ወገን ነው፤ ቅራኔ ከተፈቀደ ማንም ማንንም በምክንያት መርታት አይችልም።

ስላለፈ ነገር የተደረገው ውይይት አጭርና ንጹሕ ነበር። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንላለን፤ ማፈሱ ግን ተአምር እንጂ ቅራኔ አይደለም፣ ጠብታው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ እንስራው ቢመለስ ራሱን የሚቃረን ነገር የለበትም። የፈሰሰው እንዳልፈሰሰ ማድረግ ነው ቅራኔው። አኩይናስም በቀጣዩ አንቀጽ 4 ያለፈውን አልነበረም ማድረግ ከማይደረገው ወገን ነው ይላል። «በተፈጥሮ ሕግ የማይሆን» እና «በቅራኔ የማይሆን» ብሎ ሁለት ዓምድ መሥራት የሚበጀው እዚህ ነው። ብዙ ተማሪ ከድንግል መወለድንና ባሕር መከፈልን በስህተት ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ከቷል።

የፈላስፋው ጆን ማኪ የ1955 (እ.ኤ.አ.) ጥያቄ፣ ፈጣሪ ራሱ የማይቆጣጠራቸውን ነፃ ፍጥረታት መፍጠር ይችላል ወይ የሚለው፣ በፈተና ሳምንት ላይ ወድቆ በ20 ደቂቃ ታለፈ። ቅርጹ እንደ ድንጋዩ ቢመስልም የሐ መልስ እንዳለ አይሠራለትም፤ ነፃነት ኪሎ የለውም። በ2018 ዓ.ም. ክበቡ ከዚህ ይጀምራል፣ ቢያንስ አራት ሐሙስ ይያዝለት። ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ክፍል ይገኛል። በርሜሉ ከነውኃው ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተመልሷል፤ ወደ ችግኝ ጣቢያው የወሰዱት ግን አምስት ሆነው፣ ግማሹን ከቀዱለት በኋላ ነው።