ልጄ፣ በሬሳ ላይ አትሳቅ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ሲጀምር ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያስቸግረኛል እንጂ። ቀን ብደውልልህ "ማሚ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ትለኛለህ። ማታ ብደውል ደግሞ ተጣልተን እንዘጋለን። ስለዚህ ጻፍኩልህ። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ በመሃል ስልክህን አትነካካ።

አክስትህ ሐሙስ ማታ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ለካስ ያንተ ቀልድ ኖሯል። ጳጉሜን 5 ማታ፣ እኛ እዚህ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስንበልት፣ አንተ ወግ አጥባቂው የፖለቲካ ተሟጋች ቻርሊ ኪርክ ዩታ ውስጥ በተገደለ በሰዓታት ውስጥ ያንን ነገር ጽፈህ ለጥፈሃል። የአክስትህ ልጅ ደግሞ አይቶ ስቆ ለጓደኞቹ አጋርቶታል። አንተ ዜጋ ነህ። እሱ ግን በተማሪ ቪዛ ነው ያለው፤ ይህን ደግሞ ታውቃለህ። ባለፈው ማክሰኞ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በዚያ ግድያ ላይ በጻፉት ነገር የ6 የውጭ አገር ሰዎችን ቪዛ ሰረዝኩ ብሏል። አክስትህ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ልጁ ከልጅነቱ አንተን ነው የሚከተለው፤ አንተ ከሳቅህ ይስቃል።

ዛሬውኑ አጥፋው። ለእሱም ደውለህ አስጠፋው።

ቀልዱን አንብባልኛለች፤ አልደግመውም። በሬሳ ላይ አትሳቅ፣ ልጄ። ሌላው ሁሉ ይቅርና ይቺን አንዲት ነገር ስማኝ። በቆመ ሰው ሳቅ። በክራቫቱ፣ በፀጉሩ፣ በንግግሩ፣ በፓርቲው ሳቅ። እሱም መልስ ይሰጥሃል፣ ተራውን ይስቅብሃል። በሬሳ ላይ ግን አትሳቅ።

ሰኔን ረሳኸው እንዴ? ሰኔ 7 ሌሊት ያ ሰውዬ ፖሊስ መስሎ ብሩክሊን ፓርክ ድረስ ሄዶ የሚኔሶታዋን ዴሞክራት የምክር ቤት አባል ሜሊሳ ሆርትማንን ከነባሏ ቤታቸው ውስጥ ሲገድላቸው፣ አንተ ከዚያ ሰፈር ሩቅ አልነበርክም። በርህን ሁለቴ ቆልፈህ ሌሊቱን ሙሉ እኔን በስልክ ይዘኸኝ አደርክ። በማግሥቱ የዩታው ሪፐብሊካን ሴናተር ማይክ ሊ የገዳዩን ፎቶ ለጥፎ በገዥያችሁ በዋልዝ ስም ሲቀልድ "እነዚህ ሰዎች ናቸው ወይ?" ብለህ ጮህክብኝ፤ የቀለድኩት እኔ እስክመስል ድረስ። የሚኔሶታዋ ሴናተር ቲና ስሚዝ ምን እንዳደረገች የነገርከኝ አንተ ነህ። የሟቿ ወዳጅ ነበረች፤ ማይክ ሊን ምክር ቤቱ ውስጥ ፈልጋ አግኝታ ፊት ለፊት ነገረችው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን አነሳ። "ጀግና ናት" አልከኝ። እሱን ያለኝ ልጅ ነው ጳጉሜን ላይ የሳቀው?

የምትመልስልኝን አውቃለሁ። ኪርክ በፈረንጅ 2023 የጠመንጃ መብት እንዲከበር በየዓመቱ ጥቂት ሰው ቢሞትም ያዋጣል ማለቱን ትጠቅስልኛለህ። ብሏል፤ ሰምቼዋለሁ፤ አናዶኛል። ንግግሩን አፍርሰው እንጂ! እሱ ራሱ በየዩኒቨርሲቲው ድንኳን ተክሎ "ስህተቴን አሳዩኝ" እያለ ነበር የሚከራከረው፤ የተመታውም የጠያቂ ጥያቄ እየመለሰ ነው። 31 ዓመቱ ነበር። ሁለት ሕፃናት ትቷል። መስከረም 11 ሚስቱ አሪዞና ስታዲየም ውስጥ ቆማ ገዳዩን ልጅ ይቅር ብየዋለሁ ስትል እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የማበላቸው ሽማግሌ እጄን እስኪነኩኝ ድረስ ማንኪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከእሷ በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ተነሥተው እኔ ግን ተቃዋሚዬን እጠላለሁ፣ መልካሙንም አልመኝለትም አሉ። ከሕዝቡ ሳቅ ተሰማ። የሟች መታሰቢያ ላይ! እና አንተ ከዚህ ሳቅ በምን ተለየህ?

ትናንት ደግሞ ሰው በየከተማው ንጉሥ አንፈልግም ብሎ ሲሰለፍ ፕሬዚዳንቱ በተዋጊ አውሮፕላን ሆነው በሰልፈኛው ላይ ቆሻሻ ሲደፉበት የሚያሳይ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ቪዲዮ ለጠፉ። የካሊፎርኒያው ገዥ የኒውሰም ቢሮም ከነሐሴ ጀምሮ የትራምፕን አጻጻፍ እያስመሰለ በትልልቅ ፊደል ይሳደባል። እሱ ይሁን፣ ስቄያለሁ። ማንም አልሞተበትም።

የምሠራበትን የአረጋውያን ቤት ታውቀዋለህ። በሳሎኑ ቴሌቪዥን የተነሣ ስንት ጦርነት አይቻለሁ መሰለህ! ጡረተኛው የባሕር ኃይል መኮንን የሪፐብሊካኖቹን ጣቢያ ፎክስን ይሉ ነበር፤ መምህርቷ ደግሞ ዴሞክራቶቹ የሚወዱትን ኤምኤስኤንቢሲን። ኃላፊያችን በመጨረሻ የምግብ አሠራር ቻናል ከፍታ ሪሞቱን ቢሮዋ ቆለፈችበት፤ ያኔ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው እሷን ከሰሷት። ሁለቱ ቁርስ ላይ ሳይጠዛጠዙ ውለው አያውቁም ነበር። "ዛሬስ የማንን ገንዘብ ልታከፋፍይ ነው?" ይሏቸዋል መኮንኑ። "የእርስዎን፣ ልጆችዎ ካልጨረሱት" ይመልሳሉ መምህርቷ።

የሪፐብሊካኑን ፕሬዚዳንት የሬገንን ታሪክ የሰማሁት ከመኮንኑ ነው። በፈረንጅ 1981 ማርች 30 ሬገን ተተኩሶባቸው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ሆስፒታል ገቡ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቧቸው ሐኪሞቹን አይተው "ሁላችሁም ሪፐብሊካን እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ" አሉ። ዶክተር ጆሴፍ ጆርዳኖ የለየለት ሊበራል ዴሞክራት ነበር። "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ዛሬ ሁላችንም ሪፐብሊካን ነን" አላቸው። መኮንኑ እዚህ ሲደርሱ ይቆሙ ነበር፤ የሐኪሙን መልስ ሁልጊዜ መምህርቷ ነበሩ የሚጨርሱት። በፖለቲካ ሲፋለሟቸው የኖሩት ዴሞክራቱ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒልም ሆስፒታል ሄደው አልጋው አጠገብ ተንበርክከው ጸልየውላቸዋል ይባላል።

መኮንኑ በጾመ ነቢያት ግድም አረፉ። መምህርቷ ጥቁር ቀሚሴን አምጭልኝ ብለው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ተናገሩ ሲባሉ፣ ሟቹ ስለ ዴሞክራቶች የሚቀልዱትን በጣም የከፋውን ቀልድ፣ ድምፃቸውን አስመስለው ነገሯቸው። ልጆቻቸው እያለቀሱ ሳቁ። ያ ሳቅ ሌላ ነው። ልዩነቱን በደብዳቤ ላስረዳህ አልችልም፤ እዚያ ብትሆን ግን ይገባህ ነበር።

መምህርቷ አንድ ጊዜ ያነበቡትን ነገሩኝ። በፈረንጅ 1960 አሜሪካኖችን ልጅህ ከሌላው ፓርቲ ሰው ቢያገባ ይከፋሃል ወይ ሲሏቸው አዎ ያለው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበር። በፈረንጅ 2010 ግን ከሪፐብሊካኖቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶቹ ሲሶው አዎ ብሏል። ስለ ሴት ጓደኛህ አሰብኩ። አባቷ የትራምፕን ቀይ ቆብ ያደርጋል ብለህ ሳቅህብኝ እንጂ ስለ ሰውዬው ሌላ ምንም አልነገርከኝም። ለታንክስጊቪንግ ቤታቸው ትሄዳለህ አሉ። ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። እኔ እንደሆንኩ ይዘሃት ብትመጣ ዶሮ ወጥ ነው የምሠራላት፤ ማንን እንደመረጠች አልጠይቃትም።

ምርጫ ስል፤ የምርጫ ወረቀቴ በፖስታ መጥቶልኝ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጥቅምት 25 ነው። ሌላውን ሁሉ ሞልቼ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ለቦታው የሚወዳደረው የእኛው ዴሞክራት ጄይ ጆንስ በፈረንጅ 2022 ለቀድሞ የምክር ቤት ባልደረባው የላከው የስልክ መልእክት ወጣበት። ሂትለርና የካምቦዲያው ጨፍጫፊ ፖል ፖት በጊዜው ከነበረው የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን አፈ ጉባኤ ከቶድ ጊልበርት ጋር ቢቆሙ፣ ያለው ጥይት ደግሞ ሁለት ብቻ ቢሆን፣ ሁለቱም ለጊልበርት ነው ይላል። ይቅርታ ጠይቋል፤ እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩት። በዚያው ሰሞን የወጣት ሪፐብሊካን መሪዎች በቴሌግራም ናዚዎች ሰው ስለፈጁበት ጋዝ ክፍል ሲቀልዱ፣ ሂትለርን ሲያሞግሱ ተገኙ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቫንስ ልጆች እንዲህ ያለ ቀልድ ይቀልዳሉ ብለው አለፉት። ምን ልጆች? ካንተ የሚበልጡ፣ ሥልጣን የያዙ አሉባቸው።

ሰው በቀልድ ጥይት ሲያከፋፍል ስሰማ ያቺ ምሳ ትመጣብኛለች።

ሳሎን ባለው ፎቶ ላይ ከአጎትህ አጠገብ የቆመው ቀጭን ልጅ ማነው ስትለኝ "ዘመድ ነው" እያልኩ አሳልፍህ ነበር። የአያትህ የእህቷ ልጅ ነው። ከጎጃም መጥቶ ጉለሌ እኛ ጋ ነው ያደገው፤ ከአጎትህ ጋር በአንድ አልጋ። ስድስት ኪሎ አብረው ገቡ። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነባሉ፣ አንድ መፈክር ያሰማሉ። ኋላ አጎትህ ደርግን የሚዋጋው ኢሕአፓ ሆነ፣ እሱ ያኔ ከደርግ ጋር የቆመው መኢሶን። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር። አጎትህ "ባንዳው መጣ፣ ወንበር ስጡት" ይላል። እሱ "አናርኪስቱ እራቱን በላ?" ይላል። ይስቃሉ። አያትህም ትስቃለች። እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ እየዞርኩ እደግመዋለሁ። በእኛው 1969 መገዳደሉ ሲጀመር ሳቁ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

ሚያዝያ ላይ አጎትህን ከመንገድ ወሰዱት። ሬሳው ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ተገኘ። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ አያትህ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው። ጥቂት ቆይቶ ያ ልጅ ቤት መጣ። ምሳ አቀረበችለት፤ የእህቷ ልጅ ነዋ። ሁለት ጉርሻ ጎረሰ። ከዚያ፣ ከፍርሃት ይሁን ከኀፍረት እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ፈገግ ብሎ "እንግዲህ አንድ አናርኪስት ቀነሰ" አለ። አያትህ ትሪውን ከፊቱ አነሣችው። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እጁን ሳይታጠብ ወጣ። ነሐሴ ላይ መኢሶንም ከደርግ ተጣልቶ ሕቡዕ ሲገባ እሱም ተያዘ፤ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አያትህ እስክትሞት ድረስ በሁለቱም ታለቅስ ነበር። በእሱ ጊዜ ግን የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ "ትሪውን ምን ብዬ አነሣሁበት?"

አሜሪካ እንደዚያ ሆናለች አላልኩም። እዚህ ፍርድ ቤት አለ። ያ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ጂሚ ኪሜል እንኳ በዚሁ ጉዳይ በተናገረው ከቴሌቪዥን ታግዶ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ፤ በሰው ግድያ ለመቀለድ አስቤ አላውቅም ሲል እንባው ሲመጣ አይቼዋለሁ። እሱ ግን ጠበቃም ገንዘብም አለው። አንተ ያለህ የስድስት ወር ሥራ ነው። በዚህ ሰበብ ስንት አስተማሪና ነርስ ከሥራ እንደተባረረ ሰምተሃል። አለቃህ ከማየቱ በፊት አጥፋው። አለቃህ ባያይም አጥፋው። በሬሳ ላይ አትሳቅ።

እኔ ትሪ አላነሣብህም፣ የኔ አባት። ቤትህ ነው፣ መጥተህ ትበላለህ። ለገና ትኬትህን አሁኑኑ ቁረጥ፣ ኋላ ይወደዳል። በበጀት ጭቅጭቅ መንግሥት እንደተዘጋ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሾቹ ያለ ደመወዝ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ለታንክስጊቪንግ የምትበር ከሆነ በጊዜ ውጣ፣ ከሰዎቹም ጋር እንዳትጨቃጨቅ። የመኪናህን ጎማ በረዶ ሳይጥል አስቀይር። አምና ያልከኝን አልረሳሁም።

አክስትህን ራስህ ደውልላት። ጽሑፍ አትላክላት፣ ደውል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቤት ናት። ይቅርታ ስትጠይቃት ስለ ትራምፕ አታውራ።

እናትህ

በርበሬውንና ሽሮውን ዓርብ በፖስታ ልኬልሃለሁ። ካርቶኑ ሥር የሱፍ ካልሲ አለ፤ ሳታየው እንዳትጥለው።