መርዶ በፌስቡክ ይቅርብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ዲሲና አካባቢው ያለን ሰዎች ለቅሶን እንደ አገሩ አድርገን ይዘነዋል፣ ድንኳን መጣል ባይቻል በቤተክርስቲያን አዳራሽ እንቀመጣለን፣ እድሩም አለ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ ወረቀቱን የሚሮጥለት ሰው አይጠፋም። መርዶው ላይ ግን ተበላሽተናል።

አገር ቤት መርዶ ወግ አለው፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተጠራርቶ ሳይነጋ በር ያንኳኳል፣ ሰውየው ገና ሲያያቸው ይገባዋል ግን ራሱን ሲጥል የሚይዘው አለ። እዚህም ሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ያሉ ወገኖች ለዚህ ሲለፉ አይቻለሁ፣ መርዶ የሚነገራትን ልጅ ሺፍት ከሩምሜቷ ያጣራሉ፣ ኦፍ የሆነችበትን ቀን ይጠብቃሉ፣ በጨለማ ፓርኪንግ ውስጥ ተሰባስበው አንድ ላይ ይገባሉ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲመከር አንዱ የሰፈር ልጅ ፎቶና ሻማ ለጥፎ ታግ ያደርጋታል። የማውቃት ልጅ የእናቷን ሞት የተረዳችው ነርሲንግ ሆም ሌሊት ሺፍት ላይ ሆና ነው፣ የ7 ወይ የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ አዲስ አበባ ሲነጋ እዚህ ወደ እኩለ ሌሊት ግድም ነው፣ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሲንጫጫ የአንዲት አሮጊት አንሶላ እየቀየረች ነበር። ከፈተችው፣ ነፍስ ይማር ነፍስ ይማር ብቻ። የሚተካት ሰው ስላልነበረ እስኪነጋ አፏን በፎጣ ይዛ ሠራች። እንግዲህ ለጣፊው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ቀድሞ ሀዘኑን የገለጸ መስሎት ነው።

ቤተሰብም ግን ከደሙ ንጹህ አይደለም። ቀብሩ እንደሁ በማግስቱ ያልቃል አትደርስም፣ ሰው አገር ብቻዋን ናት ትጎዳለች ይባልና ዝም ይባላል፣ ስትደውል እማዬ ተኝታለች፣ ሌላ ቀን ጸበል ሄዳለች፣ እንዲህ እያሉ አርባው ያልፋል። ወሬ በስንት ስልክ በሚዞርበት ዘመን ይሄን ያህል ደብቆ መቆየት ለኔ ጭካኔ ነው፣ ቢበዛ የእረፍት ቀኗ እስኪደርስ ይበቃል።

ለጣፊዎች የምለው አጭር ነው፣ ልጆቿ ተረድተዋል ወይ ብላችሁ ለአንድ ሰው ደውሉ። ለእድሮች ደግሞ፣ መመዝገቢያ ቅጻችን ላይ የወራሽ ስም እንጂ መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው ስም የለም። እባካችሁ እሷን መስመር ጨምሩልን።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ