ለአባባ፣ ስለ ሰፈራችን መንገድ

ይድረስ ለተከበሩ አባባ
ጅማ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የመንገድ ኮሚቴው ሥራ ሳይጀምር እንዲደርስዎ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩት።

ልኬቱ ከእግረኛው ይጀምር። ለመኪና ተሰጥቶ የተረፈው ለእግረኛ ከተጣለ መንገዱ ገና በወረቀት ላይ ተበላሽቷል። ልጅ ያዘለችና ጆንያ የተሸከመ ሳይገፋፉ እንዲተላለፉ 2 ሜትር ያስፈልጋል፤ ባዶ 2 ሜትር። የመብራት ምሰሶው፣ ዛፉና የሊስትሮው ወንበር ከዚያ ውጭ ይሁኑ። ለመኪና በአንድ አቅጣጫ 3 ሜትር ይበቃል፤ ሲሰፋ ሹፌሩ ይፈጥናል።

የጅማን ዝናብ ያውቁታል፤ ስለዚህ ቦዩ ላይ አደራ። የእግረኛው መንገድ በ2 ሜትር ስፋት 4 ሳንቲም ወደ ቦዩ ያዘንብል፤ ከዚያ ካነሰ ውሃ ይተኛበታል። ክዳኑ ትልቅ ከሆነ ለጠረጋ ይነሳና የሚመልሰው ይጠፋል፤ ሰውም ጉድጓዱን ሸሽቶ አስፋልት ላይ ይወርዳል። 50 በ80 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 10 የሆነ ክዳን 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ እጀታ ካለው ሁለት ሰው ይመልሰዋል። ውሃ ማስገቢያው ላይ የሚደረገው ብረት ለመንገዱ አግድም ይሁን፤ በመንገዱ ርዝመት ከተዘረጋ የሳይክል ጎማ ይውጣል።

ከሁሉም የምለምንዎ መታጠፊያው ነው። የማዕዘኑ ክብ ሬዲየስ 10 ሜትር ከሆነ ባጃጁ ሳይቀንስ ይታጠፋል፤ 4 ሜትር ከሆነ ግድ ይቀንሳል፣ የሚሻገረውም ርቀት ያጥራል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሹፌር ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛል፤ በ30 ከሆነ 8 ብቻ። እዚህ ኔዘርላንድ የእግረኛው መንገድ በሰፈር መግቢያ ላይ አይቋረጥም፤ ወጥቶ የሚወርደው መኪናው ነው። ለእኛም ኮብልስቶን መግቢያዎች ይሄ ይሆናል፤ የዝናቡ ውሃ እንዳይጠራቀም ግን ከሥሩ ቱቦ ይቀበር።

ዋናው መንገድ 14 ሜትር ከሆነ አንድ ሽማግሌ ለመሻገር 14 ሰከንድ ያህል ይፈጅባቸዋል። መሐሉ ላይ 2 ሜትር መቆሚያ ቢሠራ፣ ስድስት ስድስት ሰከንድ አድርገው በሁለት ጊዜ ያልፋሉ። የጠርዙ ድንጋይ ከፍታ 15 ሳንቲም ከሆነ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚወርደው ተዳፋት 1 ሜትር ከ80 ይርዘም። የታክሲና የባጃጅ ፌርማታ ከዜብራው በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፤ የቆመ መኪና ተሻጋሪውን ይጋርዳል።

ለሳይክል በየጎኑ 2 ሜትር፣ ለስላሳ አስፋልት፣ በጠርዝ ድንጋይ የተለየ። በቀለም ብቻ ከተሰመረ የባጃጅ መቆሚያ ሆኖ ይቀራል።

ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት መታጠፊያውን በኖራ አስምረው፣ አሮጌ ጎማ ደርድረው ሁለት ሳምንት ይሞክሩት፤ የገበያ ቀንም ይካተት። ጭነት መኪና መዞር ካቃተው ጎማውን ግማሽ ሜትር መግፋት ነው። ከአጥር እስከ አጥር ያለውን ስፋት በሦስት ቦታ አስለክተው ይላኩልኝ፤ በዚያው ልክ ሥዕሉን ሠርቼ እልካለሁ።

እጅ ነስቻለሁ፣
ልጅዎ