የትሮምቦኑን ሰው ስም ከመጻፋችን በፊት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በፒያሳና በቸርችል ጎዳና አካባቢ የድሮ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ወጣቶች መበራከታቸው በጣም ደስ ያሰኘናል። የሚያሳስበን ፋይሉ ላይ የሚሰፍረው የተጫዋች ስም ነው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹና 40ዎቹ የወጡ የቢግ ባንድ (የትልልቅ የጃዝ ባንዶች) ሸክላዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት የባንዱን መሪ ነው፤ ትሮምቦን፣ ማለትም ቱቦው የሚንሸራተተውን የትንፋሽ መሣሪያ፣ የነፋው ሰው አይነሳም። ያንን ክፍተት «አነፋፉ እገሌን ይመስላል» ብሎ መሙላት በተረሳው ባለሙያ ላይ ሌላ በደል መጨመር ነው።

ከጆሮ በፊት ዓይን ይሥራ። በሸክላው የመጨረሻ የድምፅ ቦይና በመሃሉ ወረቀት መካከል የተቀረጸውን የማትሪክስ ቁጥር (የቀረጻውን መለያ) ባትሪ ወደ ጎን እያበራችሁ ገልብጣችሁ ጻፉ። የቀረጻው ቀን የሚገኘው በእሱ ነው። የካታሎግ ቁጥሩ ለገበያ የወጣበትን እንጂ የተቀዳበትን አይነግርም፤ በአንድ ካታሎግ ቁጥር የአንዱ ዜማ ሁለት የተለያዩ ቴኮች (ቅጂዎች) የታተሙበት ጊዜ አለ፣ ሶሎውም (ተጫዋቹ ለብቻው የሚነፋውም) አንድ አይሆንም።

ቀኑ ከታወቀ ብዙ ግምት በራሱ ይወድቃል። በአሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ በዱክ ኤሊንግተን ዘንድ ከፈረንጆቹ 1932 ጀምሮ ጆ ናንተን፣ ሁዋን ቲዞልና ሎረንስ ብራውን ትሮምቦን አብረው ነፉ። ቲዞል በ1944 ወደ ሃሪ ጄምስ ባንድ ሄደ፤ የተመለሰው በ1951 ነው። ናንተን በ1946 አረፈ። በዚህ ባንድ የ1949 ቀረጻ ላይ የሚያጉረመርም ትሮምቦን ሰምቶ «ናንተን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያንን አነፋፍ ተረክቦ የቀጠለውን ታይሪ ግሌንን ስሙን ነጠቀው ማለት ነው።

ከዚያ ፍጥነቱ ይስተካከል። 78 ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ በደቂቃ በልክ 78 ዙር አይደለም። እነዚህ ባንዶች ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍና ኤ ፍላት የተባሉትን የዜማ መነሻ ድምፆች ያዘወትራሉ፤ ቅጂያችሁ በቢ ወይም በኢ ከወጣ ማጫወቻው 6 በመቶ ገደማ ሳይፈጥን አልቀረም። የፈጠነ ቅጂ ቫይብራቶውን (የድምፁን ንዝረት) ያጣድፋል፣ ድምፁን ያቀጥናል፤ በዚህ ምክንያት አንዱ ሰው ሌላውን ይመስላል። የመርፌው ጫፍ ለ78 ሸክላ 76 ማይክሮን ገደማ ይሁን፤ 18 ማይክሮን የሆነው የኤልፒ (የኋለኛው ረጅም ሸክላ) መርፌ የቦዩን ወለል እየፋቀ ጩኸት ብቻ ያመጣል። ጩኸት ማጽጃ ፕሮግራሙንም ለማዳመጥ አትጠቀሙበት፤ የምላሱን የመጀመሪያ ምት ይበላዋል፣ ሰውን ከሰው የሚለየው ደግሞ በአብዛኛው ያ ምት ነው።

አሁን ጆሮ። ትሮምቦን ሰባት ፖዚሽን (የቱቦው ማቆሚያ ቦታ) ስላለው ሳይቋረጥ መንሸራተት የሚችለው ስድስት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ የረዘመ ከመሰላችሁ ወይ ተጫዋቹ በከንፈሩ አሻግሮታል፣ ወይ መሣሪያው ሌላ ነው። ቲዞል የነፋው በተንሸራታች ቱቦ ፈንታ በጣት የሚጫን ባለቫልቭ ትሮምቦን ነበር፤ ድምፆቹ ተቆራርጠውና ጥርት ብለው ይወጣሉ እንጂ አይንሸራተቱም። ናንተን በመሣሪያው አፍ ውስጥ ትንሽ የድምፅ ማፈኛ ከትቶ ከላይ በላስቲክ ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ «ያ» የሚል የሰው ድምፅ ያወጣል። ብራውን ልስልስ አድርጎ ይዘፍናል። ይህ ሁሉ ግን ለሶሎ ነው። ሦስቱ በኅብረት ሲነፉ ሁለተኛውን ከሦስተኛው በጆሮ ለየሁ የሚለውን አትመኑ።

የራሳችን ሸክላዎች ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ያስቸኩላል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 ሸክላ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ በወጡት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ላይ ጎልቶ የሚነበበው የዘፋኙ ስም ነው። ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎች የነበሩ አንጋፋዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ስትጠይቋቸው ስም አታቀብሏቸው፤ ሙዚቃውን አሰሙና ዝም በሉ። ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ፤ «ማን ነፋ?» ብቻ ሳይሆን «አጠገብዎ ማን ይቀመጥ ነበር?» በሏቸው። የሚጠሩት ዓመት የኢትዮጵያ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አንዱን ተጫዋች ከባንዱ አውጥቶ ሌላውን ያስገባል።

ጋዜጣችሁም ስለ ድሮ ሸክላ ሲጽፍ ከተጫዋቹ ስም ጎን ማስረጃው ሰነድ፣ የሰው ቃል ወይም ጆሮ መሆኑን በአንድ ቃል እንዲያመለክት፣ ማስረጃ ከሌለም «ያልታወቀ» ብሎ እንዲያትም እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድሮ ሸክላ ሰብሳቢዎች፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ