ዕድሮቻችን ለታሰረም ይድረሱ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አሜሪካ ውስጥ በኢሚግሬሽን ስለተያዙ ወገኖች ብዙ ይወራል። ውጭ የቀረችው ሚስት ምን እንደምታደርግ ግን የሚነግር የለም። ባለቤቴ ከተያዘ ወራት አልፈዋል። እኔና ልጆቹ ቨርጂኒያ ነን፤ እሱ ያለው ሌላ ስቴት ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ያለበትን ማወቅ ነው። የአይስ (ሰው የሚይዘው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) የእስረኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ ስምና የትውልድ አገር ይጠይቃል። ስሙ እነሱ ከመዘገቡት በአንድ ፊደል ከተለየ አይመጣም። የእኛ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ! ኢሚግሬሽን ለሰውየው የሰጠው መለያ ቁጥር፣ "ኤ ነምበር" የሚባለው፣ ካለ ግን ግልግል ነው። የሥራ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ ላይ አለላችሁ፤ ዛሬውኑ ገልብጣችሁ አስቀምጡት።

በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አይገዛላችሁም። ይህን አይተው "ፎርም እንሞላለን" እያሉ የጨነቀውን ሰው ገንዘብ የሚበሉ አሉ፤ የእኛው ሰዎች መሆናቸው ነው የሚያናድደው። ዳኛው ዋስ ቢፈቅድ እንኳ ትንሹ 1,500 ዶላር ነው።

ማታ ሲደውል ትንሿ ልጄ ስልኩን ነጥቃ ስለወለቀው ጥርሷ ታወራለች። ሳትጨርስ ሂሳቡ ያልቃል።

"አይዞሽ" የሚለኝ ብዙ ነው፤ ይባረክ። ዕድራችን ግን ለሞተ እንጂ ለታሰረ ደንብ የለውም። ለጠበቃና ለስልክ የሚሆን አንድ አንቀጽ መጨመር ይህን ያህል ይከብዳል?

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ